ምዕራፍ 6፦ በስድስት ቃል የተሰፋ ዘፈን

መሶብ ሲሰፋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ስፌቱ ከመሐል ይጀምራል። ወስፌው ይወጋል፣ ሣሩ ይገባል፣ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይወጋል። ረድፉ ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲደርስ የተነሣበትን ነጥብ አያገኘውም፤ በላዩ ያልፋል። ልጅ ሳለሁ አክስቴ በረንዳ ላይ ስትሰፋ እያየሁ «እስካሁን ስንት ክብ ሰፋሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ክብ የለውም፤ ከታች እስከ ላይ አንድ መስመር ነው» አለችኝ። ቀዩን አለላ በታችኛው ረድፍ ካስገባችበት ቦታ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ ታስገባዋለች፤ በቀጣዩ ረድፍ ደግሞ እንደገና ፈቀቅ። የመሶቡ ሐረግ የሚወጣው ከዚያ ፈቀቅታ ነው። አለላው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ቀጥ ያለ ሰረዝ ይሆን ነበር እንጂ የሚዞር ሐረግ አይሆንም።

ባለፈው ምዕራፍ ስለ አዝማች ተነጋግረናል። አዝማች የሚመለስ ቃል ነው፤ ያውም በዚያው ቦታና በዚያው መልክ፣ ሰው ማታ ቤቱ እንደሚገባ። ይህ ምዕራፍ ስለ ሌላ ዓይነት መመለስ ነው፤ ቃሉ ይመለሳል፣ ቦታው ግን ፈቀቅ ይላል። ይህን መመለስ እስከ ጥጉ የወሰደው፣ ከ800 ዓመት በፊት በዛሬዋ ፈረንሳይ ደቡብ የኖረ አርናውት ዳንኤል የሚባል ገጣሚና ዜመኛ ነው። የግጥም ቅርጽ ከላይ የሚለጠፍ ጌጥ ሳይሆን ሐሳብ የሚያወጣ መሣሪያ መሆኑን ከእሱ አንድ ዘፈን በላይ ያስረዳኝ የለም። ስለዚህ ብዙውን ቦታ ለዚያ አንድ ዘፈን እሰጣለሁ። (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ኦክ» የሚሉ ሰዎች

አርናውት የገጠመበት ቋንቋ ኦክሲታንኛ ይባላል። ስሙ የወጣው «አዎ» ከሚለው ቃል ነው። በደቡቡ አገር ሰው ሲስማማ «ኦክ» ይል ነበር፤ በሰሜኑ ደግሞ «ኦይል»፣ እሱም የዛሬው ፈረንሳይኛ «ዊ» አባት ነው። ኢጣሊያዊው ባለቅኔ ዳንቴ ቋንቋዎቹን የለየው በዚሁ ነበር፤ ኦክ የሚሉ፣ ኦይል የሚሉ፣ እንደ ራሱ ወገኖች ደግሞ ሲ የሚሉ።

በኦክሲታንኛ የሚገጥሙት ሰዎች ትሩባዱር ይባላሉ። በቋንቋው «ትሮባር» ማለት ማግኘትም ነው፣ መግጠምም ነው። ትሩባዱር እንግዲህ «አግኚ» ነው፤ ቃሉንም ዜማውንም የሚያገኘው ራሱ ነው። ዘፈኖቹ ከደረሱልን መካከል የመጀመሪያው በ1071 የተወለደው የአኪቴን መስፍን ጊዮም ዘጠነኛ ነው። ከእሱ ወዲህ በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ውስጥ መሳፍንቱም፣ መነኮሳቱም፣ የነጋዴ ልጆችም፣ ሴቶችም ገጥመዋል። የተረፈልን 2,500 ያህል ዘፈን ነው፤ ዜማው አብሮ የተረፈው ግን ከዐሥር አንዱ ቢሆን ነው።

ትሩባዱሩ የደረሰውን ዘፈን ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ግቢ ይዞ የሚዞረው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ ጆግላር ይሉታል። ለእኛ ቅርቡ ቃል አዝማሪ ነው። አዝማሪ ግን እዚያው ፊታችሁ ቆሞ ይገጥማል፤ የጆግላር ዋና ሥራ ሌላው የደረሰውን በቃሉ ይዞ ማቅረብ ነው። ይህን «በቃሉ» የሚለውን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፈረሱን ያስያዘው ሰው

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የትሩባዱሮችን ዘፈን የሰበሰቡ ጸሐፍት ከየደራሲው ሥራ ፊት አጭር የሕይወት ታሪክ ያኖሩ ነበር። «ቪዳ» ይባላል፤ ሕይወት ማለት ነው። የአርናውት ቪዳ ጥቂት መስመር ብቻ ናት። በፔሪጎር ሀገረ ስብከት፣ ሪቤራክ በሚባል ግንብ የተወለደ ጨዋ ሰው መሆኑን ትናገራለች። ተምሮ ነበር፤ ተማረ ማለት በዚያ ዘመን ላቲን ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ ትምህርቱን ትቶ ጆግላር ሆነ። የአንድ የጋስኮኝ ባላባት ሚስት ወደደ። ቀጥላ ቪዳዋ የባለሙያ አስተያየት ትሰጣለች፦ በውድ ቤት መድፊያ መግጠም ስለወደደ ዘፈኖቹ ሲሰሙ በቀላሉ አይገቡም፣ ሲያጠኗቸውም በቀላሉ አይያዙም ትላለች። አርናውት ራሱ በአንድ ዘፈኑ ላይ በንጉሥ ዘውድ መጫን በዓል ላይ እንደነበረ ይናገራል፤ ሊቃውንት የፈረንሳዩ ፊሊፕ ዳግማዊ በ1180 የነገሠበት ነው ይላሉ። የሠራበት ዘመን ከዚያ እስከ 1200 ገደማ ነው። በእጃችን ያሉት ዘፈኖቹ 18 ብቻ ናቸው።

ስለ እሱ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። የሆነ ነገር ነው ብዬ አልምልላችሁም፤ የዘመኑ ሰዎች ስለ ሙያው ያሰቡትን ግን በደንብ ያሳያል። በእንግሊዙ ንጉሥ በልበ አንበሳው ሪቻርድ ግቢ አንድ ሌላ ጆግላር «እኔ ከአርናውት የበለጠ ውድ ቤት መድፊያ አመጣለሁ» ብሎ ይፎክራል። ሁለቱም ፈረሳቸውን ያስይዛሉ። ንጉሡ በየፊናቸው አንዳንድ እልፍኝ ሰጥቶ ይዘጋባቸዋል፤ ለመግጠም 10 ቀን ይቆርጥላቸዋል። አርናውት ተሰላችቶ አንድ ቃል ከሌላው ጋር ማጋጠም ያቅተዋል። ያኛው ግን ቶሎ ይጨርስና በሌሊት ዘፈኑን እየደጋገመ ያጠናል። አርናውት ይሄኔ በግድግዳው በኩል ጆሮውን ጥሎ ቃሉንም ዜማውንም ሸምድዶ ያዘ። ንጉሡ ፊት ሲቀርቡ «እኔ ልቅደም» አለና የባልንጀራውን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ዘፈነው። ያኛው «የእኔ ነው!» ብሎ ጮኸ። ነገሩ ሲመረመር እውነቱ ወጣ፤ ንጉሡም ከት ብሎ ሳቀ፤ መያዣውን መልሶ ለሁለቱም ስጦታ ሰጣቸው።

ታሪኩን ያመጣሁት ለሳቁ ብቻ አይደለም። በዚያ ዓለም ዘፈን የሚኖረው በጆሮና በትዝታ ነው፤ በአንድ ሌሊት በግድግዳ በኩል ሊሰረቅ ይችላል። በትዝታ የሚኖር ነገር ደግሞ ይዘበራረቃል። የትሩባዱሮችን የብራና መጻሕፍት ያስተያዩ ሊቃውንት አንዱ ዘፈን በአንዱ ብራና ላይ አንጓዎቹ በአንድ ተራ፣ በሌላው ብራና ላይ በሌላ ተራ ተጽፈው ብዙ ጊዜ ያገኟቸዋል። አንጓ ስል በአማርኛ ግጥም እንደምናውቀው፣ አብረው የቆሙ የስንኞች ቡድን ማለቴ ነው። ክሩ የተበጠሰ መቁጠሪያ አስቡ፤ ፍሬዎቹ አልጠፉም፣ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደነበር ግን ማን ያውቃል? ደራሲው ከሞተ በኋላም የማይበጠስ ክር ያስፈልጋል። ክሩ ቤት መድፊያው ነው።

እጅ በእጅና ዱቤ

በሁለተኛው ምዕራፍ ቤት መምታት ለጆሮ ቃል መግባት ነው ብለን ነበር። አንድ ስንኝ በ«ራ» ሲያልቅ ጆሮ ሌላ «ራ» ይጠብቃል፤ ሲመጣለት ይረካል። በአማርኛ ግጥም እንደለመድነው ዕዳው ቶሎ ይከፈላል፤ ቀጥሎ ባለው ስንኝ ወይም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ። እጅ በእጅ ግብይት ነው።

አርናውት ዱቤ ጀመረ ማለት ይቻላል። እሱ ብቻ አይደለም የሞከረው፤ አዘውትሮ የያዘው ግን እሱ ነው። በብዙ ዘፈኖቹ ውስጥ፣ በአንዱ አንጓ ካሉት ስንኞች አንዱም ከሌላው ጋር ቤት አይመታም። ጆሮ ይጠብቃል፣ ምንም አይመጣም። የመጀመሪያው ስንኝ ጓደኛውን የሚያገኘው በሁለተኛው አንጓ የመጀመሪያ ስንኝ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ከሁለተኛው፣ ሦስተኛው ከሦስተኛው። ሰሚው አንድ ሙሉ አንጓ በዱቤ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ቪዳዋ «በቀላሉ አይያዙም» ያለችው በከንቱ አልነበረም።

ሰውየው ስለ ሥራው ሲናገር የሚጠራው የአናጢ ዕቃ ነው። በአንድ ዘፈኑ ውስጥ ቃላቱን በመላጊያ እንደሚልግ፣ ሞረድም እንደሚያሳልፍባቸው ይገልጻል። ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል። ስለ ፍቅር የሚዘፍን ሰው ዘፈኑ ከልቡ ፈልቆ እንደወጣ እንዲነግረን እንጠብቃለን፤ እሱ ግን የሥራውን ፍቅፋቂ ያሳየናል።

ከዚህ ዱቤ ወደ ታላቁ ግኝቱ የቀረው ሁለት እርምጃ ነበር። አንደኛው፣ በድምፅ ብቻ ከሚመሳሰል ቃል ይልቅ ራሱን ሙሉ ቃሉን መመለስ። ሁለተኛው፣ ቃሉ በየአንጓው በአንድ ቦታ ከመቆም ይልቅ ፈቀቅ እንዲል ማድረግ፤ ልክ እንደ አለላው።

ስድስት ስኒዎች

ይህን በእጅ ብንሠራው ይሻላል። ረከቦቱን ሳቡና ስድስት ስኒ በአንድ መስመር ደርድሩ። ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ስጧቸው። አሁን ከዚህ መስመር በታች አዲስ መስመር ትሠራላችሁ፤ ሕጉም ይህ ብቻ ነው፦ አንዴ ከቀኝ ጫፍ፣ አንዴ ከግራ ጫፍ እያነሣችሁ አስቀምጡ። ከቀኝ ጫፍ 6 ይነሣል፣ ከግራ 1፤ ደግሞ ከቀኝ 5፣ ከግራ 2፤ ከዚያ 4፣ በመጨረሻም 3። አዲሱ ተራ 6፣ 1፣ 5፣ 2፣ 4፣ 3 ሆነ።

ከአዲሱ ተራ ተነሥታችሁ ያንኑ ድገሙት። 3፣ 6፣ 4፣ 1፣ 2፣ 5 ይወጣል። ቀጥሉ፦ 5፣ 3፣ 2፣ 6፣ 1፣ 4። ቀጥሉ፦ 4፣ 5፣ 1፣ 3፣ 6፣ 2። ቀጥሉ፦ 2፣ 4፣ 6፣ 5፣ 3፣ 1። አንድ ጊዜ ብትጨምሩ ስኒዎቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ሆነው እንደ መጀመሪያው ይቆማሉ።

እጃችሁ የሄደበትን መንገድ በእርሳስ ብትከተሉት ከዳር ተነሥቶ ወደ መሐል የሚጠመዘዝ መስመር ታገኛላችሁ፤ የመሶቡ ስፌት፣ ከጠርዝ ወደ እምብርት።

በስኒዎቹ ምትክ ስድስት ቃላት አስቀምጡ። እያንዳንዱ ቃል የአንድ ስንኝ መጨረሻ ይሁን። ስድስት ስንኝ አንድ አንጓ ነው፤ ስድስት አንጓ ደግሞ አንድ ዘፈን። በየአንጓው መጨረሻ ላይ የሚመጡት እነዚያው ስድስት ቃላት ናቸው፤ ተራቸው ብቻ በስኒዎቹ ሕግ ይቀየራል። በመጨረሻ ሦስት ስንኝ ያላት አጭር መሰናበቻ ትጨመርና ስድስቱ ቃላት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይታጨቃሉ። በጠቅላላው 39 ስንኝ። ኋላ ኢጣሊያኖች ከ«ስድስት» አውጥተው ሴስቲና የሚል ስም የሰጡት ይህን ነው።

ሁለት ነገር አስተውሉ። እያንዳንዱ ቃል ስድስቱንም ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይይዛል፤ አንድም ቃል ቦታ አይደግምም፣ አንድም ቦታ አይቀርበትም። ደግሞም የአንዱ አንጓ የመጨረሻ ቃል የሚቀጥለው አንጓ የመጀመሪያ ስንኝ መድረሻ ነው። ክሩን አያችሁት? በትዝታ የያዘው ጆግላር አንጓዎቹን ላዘበራርቅ ቢል እንኳ አይሆንለትም፤ እያንዳንዱ አንጓ የሚቀጥለውን በእጁ ይዞታል።

የበትሩ ጉዞ

የአርናውት ስድስት ቃላት እነዚህ ናቸው፦ ኢንትራ፣ ይገባል፤ ኦንግላ፣ ጥፍር፤ አርማ፣ ነፍስ (ከእኛው አርማ ጋር አታምታቱት)፤ ቬርጋ፣ በትር፤ ኦንክል፣ አጎት፤ ካምብራ፣ እልፍኝ። ስድስቱም ባለ ሁለት ቀለም ቃላት ናቸው፤ ሁሉም በመጀመሪያው ቀለም ይጠነክራሉ፣ በሁለተኛው ይላላሉ።

ሰው በመጀመሪያ ሲያያቸው ይገረማል። ጥፍርና አጎት በፍቅር ዘፈን ውስጥ ምን ይሠራሉ? ነገሩ እንዲህ ነው። ዘፋኙ የሚወዳት ሴት እልፍኝ መግባት ይፈልጋል። አሳባቂዎች አሉ፣ ዘመድ አለ፣ አጎት አለ። በር ላይ የቆመ ሰው ዘፈን ነው።

አሁን ስኒዎቹን አስታውሱ። በመጀመሪያው አንጓ «ይገባል» በመጀመሪያው ስንኝ፣ «እልፍኝ» በስድስተኛው ስንኝ ላይ ነው። በአንጓው ውስጥ ከዚህ በላይ መራራቅ አይቻልም። በሁለተኛው አንጓ ሕጉ ከሁለቱ ጫፍ ያነሣቸውና ያጎራብታቸዋል፤ «እልፍኝ»፣ ወዲያው ደግሞ «ይገባል»። ዘፋኙ ሊያደርገው ያልቻለውን ሕጉ አደረገለት። አርናውት ይህን እንዳሰበበት የማምንበት ምክንያት አለኝ። ካምብራና ኢንትራ ሁለቱም በ«ራ» ያልቃሉ። በሕጉ የሚጎራበቱት ሌሎቹ ጥንዶችስ? አምስትና ሁለት፤ ኦንክልና ኦንግላ፣ ለጆሮ ወንድምና እህት ናቸው። አራትና ሦስት፤ ቬርጋና አርማ፣ ሁለቱም በ«አ» ድምፅ ይዘጋሉ። ቃላቱን የመረጠው በስድስት ነጠላ አይደለም፤ በሦስት ጥንድ ነው። በመጀመሪያው አንጓ፣ ከመሐለኛው ጥንድ በቀር፣ ጥንዶቹን አርቆ አስቀምጦ፣ በሁለተኛው አጋባቸው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የበትሩ ጉዞ ነው። አንድ ቃል ስድስት ጊዜ ሲመላለስ እንዴት አይሰለችም? በየግቢው የተቀመጠ ሰሚ ይህን ሳይጠይቅ አልቀረም። እንከተለው። በመጀመሪያው አንጓ በትሩ ዘፋኙ አሳባቂውን ሊመታበት የሚመኘው፣ ግን የማይደፍረው በትር ነው። በሁለተኛው ልጅ ፊቱ ቆሞ የሚንቀጠቀጥለት አርጩሜ ይሆናል፤ የሚንቀጠቀጠው ደግሞ ዘፋኙ ራሱ ነው፣ እስከ ጥፍሩ ድረስ። በሦስተኛው እልፍኙ አለመግባቱ ልቡን ከበትር ምት የበለጠ ያቆስለዋል። በአራተኛው በትሩ ቀጭን ጭራሮ ነው፤ ፍቅር ብርቱ ሰው ጭራሮ እንደሚያጎብጥ ዘፋኙን ያጎብጠዋል። በአምስተኛው በድንገት ከምድር ይነሣና ያበበው ደረቅ በትር ይሆናል። ይህን የኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ የአሮን በትር ነው፤ በምሥራቁም በምዕራቡም ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ምሳሌ ሆኖ የኖረ። አርናውት ያንን በትር የዘመን መቁጠሪያ አድርጎ ይዞት፣ በትሩ ካበበ ወዲህ እንደ እኔ ፍቅር አልታየም ሊል ነው። በስድስተኛው በትሩ እንጨት ብቻ ሆኖ ይመለሳል፤ ዘፋኙ ግን አሁን ከውጭ የቆመ አይደለም፣ በእንጨቱ ላይ እንዳለ ልጥ ተጣብቋል።

መምቻ፣ ማስፈራሪያ፣ ምት፣ ጭራሮ፣ ተአምር፣ በመጨረሻም ማቀፊያ። ቃሉ አንድ ነው። ቦታው በተለወጠ ቁጥር አጠገቡ የሚቆሙት ቃላት ስለሚለወጡ፣ ደራሲው በዚያው ቃል ሌላ ነገር ለማለት ይገደዳል። ጥፍሩም እንዲሁ ነው፤ የአሳባቂ ጥፍር ሆኖ ይጀምርና፣ በሦስተኛው አንጓ ሥጋና ጥፍር፣ በአራተኛው ጣትና ጥፍር ሆኖ የመቀራረብ መለኪያ ይሆናል፤ በስድስተኛው አርናውት ከስሙ ላይ ግሥ ፈጥሮ፣ ልቡ በጥፍሩ የሙጥኝ እንዳለ ይናገራል። ሕጉ ባይገፋው ኖሮ ጥፍርን ግሥ የሚያደርግ ማን ነበር?

ቅርጽ ሐሳብ ያወጣል ያልኩት ይህን ነው። ሰው ስለሚመኘው ነገር ሲያስብ ሐሳቡ እንዲህ ነው የሚዞረው፤ ያቺ በር፣ ያ አጎት፣ ያ እልፍኝ፣ ደግሞ ያቺ በር። ነገሩ አንድ ነው፤ በዞረ ቁጥር ግን ከሌላ ወገን ይታያል። ሴስቲና ያንን መብሰልሰል አይተርክልንም፤ ራሱ ይብሰለሰላል።

ለምን ስድስት?

በአራት ስኒ ሞክሩት። 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብለው ቆመዋል። ከቀኝ ጫፍ፣ ከግራ ጫፍ፦ 4፣ 1፣ 3፣ 2። ደግሞ፦ 2፣ 4፣ 3፣ 1። ደግሞ፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4። በሦስተኛው እርምጃ አለቀ፤ ሦስተኛው ስኒ ደግሞ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በአራት ቃል ዘፈኑ ይሰናከላል፤ በሰባትም በስምንትም እንዲሁ። በሦስት፣ በአምስትና በስድስት ይሠራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ደራሲ ሬሞን ክኖ ይህን ጥያቄ አንሥቶ የትኞቹ ቁጥሮች እንደሚሆኑ ፈልጓል፤ ከ6 ቀጥሎ እስከ 20 ድረስ የሚሆኑት 9፣ 11፣ 14 እና 18 ብቻ ናቸው። የሒሳብ ሊቁና ባለቅኔው ዣክ ሩቦም ጉዳዩን ተከትሎታል። አርናውት ይህን ቀመር ይዞ አልነበረም የተነሣው፤ እጁ ግን ትክክለኛው ቁጥር ላይ አርፏል። ሦስት ለዘፈን ያንሳል፤ አሥራ አራት ቃል ደግሞ ጆሮ አይሸከምም።

ዳንቴ የሰማው

በ1209 የተጀመረውና 20 ዓመት የዘለቀው የአልቢጃውያን ጦርነት የደቡቡን መሳፍንት አደቀቃቸው። ትሩባዱሮችን ያስተናገዱ ብዙ ግቢዎች ተዘጉ፤ ገጣሚዎችም ወደ ሰሜን ኢጣሊያ ተሰደዱ። ዘፈኖቹን የያዙት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ የተጻፉት እዚያ ነው። የአርናውት ሴስቲና ዜማም ዛሬ ሚላኖ በሚገኘው የአምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት ብራና ላይ ተጽፎ አለ፤ ከ18 ዘፈኖቹ ዜማቸው የተረፈው ሁለት ብቻ ናቸው። ዜማው ራሱ እንደ ስፌቱ ነው፤ በአንጓው ውስጥ አንድም ሐረጉን አይደግምም፤ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ ስድስተኛው ሳይመለስ ይፈስሳል።

ዳንቴ ይህን አስተውሏል። ስለ አገርኛ ቋንቋ ቅኔ በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ አርናውት ዜማ የማይደግም አንጓ እንደሚያዘወትር ይጠቅሳል፤ እሱን ተከትሎም ራሱ አንድ ሴስቲና ገጥሟል። በዚያው መጽሐፍ ኢጣሊያኖች አንጓን ለምን «ስታንሳ» እንደሚሉት ሲያስረዳ፣ ቃሉ ማደሪያ ክፍል ማለት ነው ይላል፤ ጥበቡ ሁሉ የሚያድርበት ክፍል። እኛ ቤት መታ፣ ቤት ደፋ እንላለን። ዐረቦችም የግጥም ስንኛቸውን «በይት»፣ ቤት ይሉታል። የሚገርመኝ ከዘፈኑ ስድስት ቃላት አንዱ እልፍኝ መሆኑ ነው፤ አርናውት በስድስት ክፍል ውስጥ ሆኖ አንድ ክፍል ይመኛል።

ከዳንቴ በኋላ ሌላው ኢጣሊያዊ ባለቅኔ ፔትራርካ ዘጠኝ ሴስቲናዎች ጻፈ፤ አንዷ ድርብ ናት። ቅርጹ ከኢጣሊያ ወደ እንግሊዝኛ ተሻግሮ እስከ ባለቅኔዎቹ ኤዝራ ፓውንድና ኤሊዛቤት ቢሾፕ ደረሰ። ትልቁን ክብር የሰጠው ግን ዳንቴ ነው። በረጅሙ ድርሰቱ፣ «መካነ ንስሐ» በተባለው መጽሐፍ 26ኛ ክፍል ላይ፣ ነፍሶች በእሳት በሚነጹበት ስፍራ፣ ሌላ ባለቅኔ ወደ አርናውት ጠቁሞ በእናት ቋንቋ ቅኔ ከእኔ የሚሻል አንጥረኛ እሱ ነው ብሎ ይመሰክራል። ከዚያም አርናውት ይናገራል። ያ ረጅም ድርሰት ከሞላ ጎደል በኢጣሊያንኛ ነው፤ አርናውት ግን ስምንቱን ስንኝ የሚናገረው በገዛ ኦክሲታንኛው ነው። ዳንቴ ቋንቋውን አልነጠቀውም።

በእጃችሁ

ይህን ምዕራፍ ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሞክሩልኝ። ስድስት ቃላት ምረጡ፤ እንደ አርናውት ግን በሦስት ጥንድ ምረጧቸው። ለምሳሌ ደጅና ልጅ፣ ውሃና ድሃ፣ ስምና ሰም። ጥንዶቹን ከዳር ወደ መሐል ትይዩ አድርጋችሁ አስቀምጡ፦ ደጅ፣ ውሃ፣ ስም፣ ሰም፣ ድሃ፣ ልጅ። ስድስት ስንኝ ጻፉና መጨረሻቸውን በእነዚህ ድፉ። ለሁለተኛው አንጓ ከቀኝ ጫፍና ከግራ ጫፍ እያነሣችሁ ስትደረድሩ ልጅ፣ ደጅ፣ ድሃ፣ ውሃ፣ ሰም፣ ስም ይሆናል፤ ጥንዶቹ ተገናኙ። ቃሉ «ሌላ የምለው የለኝም» ሲላችሁ አትቀይሩት፤ በትሩን አስታውሱና ጥቂት ቆዩበት። ስድስተኛውን አንጓ ስትጨርሱ ሦስቷን መሰናበቻ ስንኝ ጨምሩና እዚያ አቁሙ፤ ሰባተኛው ተራ ራሱ የመጀመሪያው ነውና።